ፒያኖውን አንሺልኝ

ልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ደሴ ጭጋጓን ለብሳ የጦሳን ተራራ ካየነው ሦስት ቀናችን ነው።

የላክሽልኝን አጭር ፊልም አየሁት። አራት ጊዜ። ቀረጻው ግሩም ነው፤ በተለይ የቡናው ጭስ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሲያልፍ። ግን ተናድጃለሁ፣ ምን እደብቅሻለሁ። አያትሽ ገና ረከቦቱ ፊት ቁጭ ከማለቷ ያንን የሚያላዝን ፒያኖ ለቀቅሽባት። አንድ ቃል ሳትተነፍስ እንባዬን ልታስወጪ ነው? እሷ ራሷ አየችውና «ማን ሞቶብኝ ነው?» አለች።

ሌላም አለ። ቡና ስትቆላ ለራሷ እንደምታንጎራጉር ታውቂያለሽ። በመንዙማ ትጀምርና ቡናው መንጣጣት ሲጀምር የልጅነቷን የሠርግ ዘፈን ትቀላቅልበታለች፣ ከዚያ ሰው የሰማት ሲመስላት ዝም። ፊልሙ ላይ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፁ ግን የለም። በፒያኖ ደፈንሽው። ሰፈሩ ተረቧን የሚፈራት ሴትዮ ምስኪን አሮጊት ሆና ቀረች።

እልህ ያዘኝና የስልኩን ድምፅ አጥፍቼ ክራሬን አነሳሁ። በትዝታ ቅኝት ስመታ የሄደ ሰው የምትጠብቅ መሰለች። ክሮቹን ላላ ጠበቅ አድርጌ ወደ ባቲ ቅኝት ሳዞረው ያቺው ሴትዮ ለሰኞ ገበያ የቸኮለች ሆነችብኝ። በአምባሰል ቅኝት ደግሞ የሆነ ነገር እያወቀች የማትነግረን። ምስሉ ያው ነው እኮ! እጇም ያው፣ ዓይኗም ያው።

አምባሰልን ካነሳሁ አይቀር፣ መነሻው ላይ ያለችውን ያቺን ጠባብ እርምጃ ታውቂያታለሽ፣ ግማሽ ቶኗን። ጆን ዊሊያምስ በፈረንጆቹ 1975 ለወጣው «ጆውስ» ለተባለው የሻርክ ፊልም የሠራው ማጀቢያም የቆመው በእሷው ላይ ነው፤ ሚ እና ፋ የሚባሉ ሁለት ድምፆች፣ በቃ። እኔ አምባሰል ስጫወት ፈርቶ የሸሸ ሰው አላየሁም። እዚያ ያስፈራችው ወፍራም ድምፅ ላይ ወርዳ፣ እየተመላለሰች፣ እየፈጠነች ስለምትመጣ ነው። ሻርክ ተብሎ የተሠራው ማሽን ባሕር ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገራቸው አውሬው ብዙውን ጊዜ አይታይም፤ የሚዋኘው ሙዚቃው ነው። እዚያ ሙዚቃው የማይታየውን ተክቶ ገባ። አንቺ ጋ ግን ቁጭ ብላ የምትታየውን እናቴን ነው የተካብኝ።

ሙዚቃ ይቅር እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ እንኳ «ሳይኮ» የሚለው ፊልሙ ላይ የሻወሯን ግድያ ያለ ሙዚቃ ነበር የፈለጋት፤ የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ኸርማን ቫዮሊኖቹን አስጩኾ ሲያሰማው ሐሳቡን ቀየረ። እኔም ካሳመንሽኝ እቀይራለሁ።

ዋናውን ቀረጻ አልጣልሽውም አይደል? እንጉርጉሮዋን መልሺና አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ ምንም አታስገቢ። ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ ክራሩን እኔ እመታልሻለሁ፣ በነጻ። ብቻ ስትመጪ ክር ይዘሽልኝ ነይ፤ በአንቺ ፊልም ምክንያት ስፈታና ስወጥር ሦስተኛው ተበጠሰብኝ።

አባትሽ