ይድረስ ለአባቴ፣ ስለ ቮልሷ መብራት

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እማዬ በስልክ እንደነገረችኝ፣ የቮልሷ ዳሽቦርድ ከጨለመ ወዲህ ከዳባት ሲመለሱ ፍጥነትዎን የሚገምቱት በሞተሩ ድምፅ ነው። ኤሌትሪሺያኑም «ዲመሩን ቆርጬ ቀጥታ ላገናኘው» ብሎዎታል አሉ፤ ዲመር ማለት የዳሽቦርዱን መብራት ማድመቂያና ማደብዘዣው ነው። እባክዎ አባባ፣ ይህን አይፍቀዱለት።

ዕድሜ የገፋ ዓይን ለማንበብ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ጨለማ ውስጥ አርቆ ለማየት ደግሞ ፊቱ ላይ የሚያንጸባርቅ ነገር ይረብሸዋል። ከአራዳ እስከ አዘዞ ባለው መንገድ ዳሽቦርዱ ቢደምቅ ግድ የለም። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጉም ሲወርድ ግን ያው ብርሃን መስታወቱ ላይ እያረፈ መንገዱን ይጋርድብዎታል። ያን ጊዜ ማደብዘዝ መቻል አለብዎት።

ሞተሯን ከማንም በላይ እርስዎ ያውቋታል፤ የመብራቱን ነገር ግን እኔ ልንገርዎት። የፊት መብራቱን በሚያበሩበት ተጎታች ቁልፍ ውስጥ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ዲመሩ እርሱ ነው። ቁልፉን ሲያዞሩ አንዲት የብረት ምላስ በሽቦው ላይ እየሄደች የኤሌክትሪኩን ኃይል ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች። አምፖሉ ከሚደርሰው ቮልቴጅ 10 በመቶ ቢጎድልበት ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጥቂት ዝገት እንኳ ያጨልመዋል። ማታ ግቢ ውስጥ ቁልፉን ስበው ቀስ እያሉ ግራና ቀኝ ያዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ብልጭ ካለ አምፖሉ ደህና ነው። ደጋግሞ ማዞሩ ብቻ ዝገቱን ሊያራግፈው ይችላል። እምቢ ካለ የባትሪው ገመድ ይነቀልና ቁልፉ ወጥቶ በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ ይታጠብ። በብርጭቆ ወረቀት ግን እንዳይፈትጉት፤ ሽቦው ይበጠሳል።

ኤልኢዲ አምፖል እናስገባ የሚልዎት ካለም አይስሙት። የሚወስደው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ የድሮው ዲመር በወጉ አያደበዝዘውም።

ቀይዋ የጄኔሬተር መብራት ከዲመሩ ጋር አትገናኝም። ዳሽቦርዱ ቢጨልምም እርሷ እየነዱ ከበራች ወዲያው ይቁሙ፤ ጄኔሬተሩን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም የሚዞረው በዚያው ቺንጋ ነው።

መኪናዋ የ1968 ሞዴል፣ ባለ 12 ቮልት ስለሆነች ለእርሷ የሚሆኑ መለወጫ አምፖሎች በሰው ልኬያለሁ። ቁልፉ እስኪጠገን ድረስ ከዳባት ፀሐይ ሳትጠልቅ ይነሡ፤ ከመሸም እዚያው ከዘመድ ቤት ይደሩ። እማዬን ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ