«ሲስተሙ ነው» ለባለጉዳይ በቂ መልስ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በማዘጋጃ ቤቶችና በአካባቢ አስተዳደሮች ሥራ ላይ ስለማዋል የሚጻፈውን እከታተላለሁ። ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ሲያስፈስስ፣ ማሽኑ በተሳሳተ ጊዜ ባለጉዳዩ ለማን አቤት ይላል የሚለው ግን እምብዛም ሲነሳ አላየሁም።

የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ለነጋዴዎች ስለ ደንብና ፈቃድ መረጃ የሚሰጥ ቻትቦት (ጥያቄ ሲጻፍለት በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ሥራ ላይ አውላ ነበር። ጋዜጠኞች በማግሥቱ ዓመት ሲፈትሹት፣ አሠሪ ከሠራተኛው ጉርሻ ላይ ድርሻ ማንሳት እንደሚችል፣ አከራይም በመንግሥት የኪራይ ድጎማ የሚከፍል ተከራይን የመቀበል ግዴታ እንደሌለበት ሲመልስ ተገኘ፤ ሁለቱም በሕግ የተከለከሉ ናቸው። ቻትቦቱ ግን መልሱ ሊሳሳት እንደሚችል የሚገልጽ ማሳሰቢያ ተለጥፎበት ቀጠለ። በከተማው ስም የተሰጠን መልስ አምኖ ሠራተኛውን የበደለ ነጋዴ ቢከሰስ ያ ማሳሰቢያ ያድነዋል ብዬ አላምንም፤ የተበደለውንም ሠራተኛ አይክሰውም።

የኔዘርላንድሷ ከተማ የሮተርዳም ነገር ይብሳል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. እስከ 2021 ድረስ ከማኅበራዊ ድጎማ ተቀባዮች መካከል ማን ይመርመር የሚለውን ለመለየት፣ ለእያንዳንዱ ሰው የስጋት ነጥብ የሚሰጥ አልጎሪዝም (መረጃን አስልቶ ውጤት የሚያወጣ የኮምፒውተር ቀመር) ትጠቀም ነበር። አልጎሪዝሙ የሠለጠነው ቀደም ሲል በተካሄዱ ምርመራዎች መዝገብ ሲሆን፣ ሴት መሆን፣ ልጅ ማሳደግና የደች ቋንቋን አጥርቶ አለመናገር ነጥቡን ከፍ ያደርጉት ነበር። በእንዲህ ያለ አሠራር ትናንት አብዝቶ የተመረመረ ወገን በመዝገቡ ውስጥ ይበዛል፤ በመዝገብ የበዛው ደግሞ ነገ በማሽኑ ይጠረጠራል። ለምርመራ የተጠራች እናት «ለምን እኔ?» ብትል፣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ራሱ መልሱን አያውቀውም። (ከተማዋ ኮዱን ለጋዜጠኞች መስጠቷ ግን ሊመሰገን ይገባል።)

ቴክኖሎጂው ይከልከል አልልም። ቃለ ጉባኤ ማጠናቀርም ሆነ ስለ ተበላሸ መንገድና ስለፈነዳ ቧንቧ የሚመጣን ጥቆማ ለይቶ ለሚመለከተው ክፍል ማድረስ ለማሽን ቢሰጥ ስህተቱ በቀላሉ ይታረማል። ፈቃድ፣ ድጎማና ቅጣት ላይ ሲደረስ ግን ውሳኔው በሚገለጽበት ደብዳቤ ላይ ማሽን መሳተፉ፣ የውሳኔው ምክንያት፣ ጉዳዩን መርምሮ የፈረመው ሠራተኛ ስምና የይግባኙ መንገድ መጻፍ አለባቸው። አምስተርዳምና ሄልሲንኪ እ.ኤ.አ. በ2020 የሚጠቀሙባቸውን አልጎሪዝሞች ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ማስፈር መጀመራቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝገቡን ከፍቶ የሚያነብ ባለጉዳይ ጥቂት ነው፤ ደብዳቤው ግን እጁ ይገባል።

ፊርማውም ቢሆን ለይስሙላ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ካለው የተለየ ውሳኔ የሰጠ ሠራተኛ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስረዳ የሚጠየቅ፣ የተስማማው ግን ምንም የማይጠየቅ ከሆነ፣ የሥራ ጫና ያለበት ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ስለዚህ የተስማማውም ለምን እንደተስማማ በአንድ መስመር ይጻፍ።

የግዢ ውል የሚያጸድቁ የምክር ቤት አባላትም አስተዳደሩ የሥርዓቱን አሠራር የመፈተሽና ለባለጉዳይ የማስረዳት መብት እንዳለው የሚደነግግ አንቀጽ በውሉ መኖሩን ያረጋግጡ። አቅራቢው የንግድ ምስጢር ነው ብሎ ከዘጋው፣ ሥርዓቱ በሰው መብት ላይ ለሚወሰን ጉዳይ መገዛት የለበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ