«ተቃርቧል» ማለት ስንት ሳምንት ነው?

ይድረስ ለስፖርት ገጹ አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ ሳይሆን፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ብስጭት ከየት እንደመጣ አስቀድመው እንዲያውቁት ብዬ ነው።

የዝውውር መስኮት (ክለቦች ተጫዋች የሚገዙበትና የሚሸጡበት ጊዜ) በተከፈተ ቁጥር ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማነበው የእናንተን ገጽ ነው። ባለፈው መስኮት ስለ አንድ አጥቂ «ለመዛወር ተቃርቧል» ብላችሁ ጻፋችሁ። በሳምንቱም ተቃርቧል። በሦስተኛው ሳምንት «በእጅጉ ተቃርቧል» ሆነ። ሰውዬው በእግሩ ቢነሳ እንኳ እስከዚያ ይደርስ ነበር። መስኮቱ ሲዘጋ ልጁ እዚያው የነበረበት ክለብ ቀረ፤ እናንተም ስለ እሱ ዳግም አንድ መስመር አልጻፋችሁም።

ጭምጭምታ አትጻፉ የምል ሰው አይደለሁም። ጭምጭምታ ባይኖር ያለ ጨዋታ የሚያልፈውን ክረምት በምን እንገፋው ነበር? የእኔ ጠብ ከግሶቻችሁ ጋር ነው። «ተባለ»፣ «ተሰማ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተነገረ»። አማርኛችን አድራጊውን ጓዳ ደብቆ ድርጊቱን ብቻ ደጃፍ የሚያወጣ ግስ አያጣም፤ የዝውውር ዜና ደግሞ በዚህ ጸጋ እንዳሻው ተጠቅሞበታል። ማን አለ? ማን ጠቆመ? «ሦስት ክለቦች ይፈልጉታል» ያለው ሻጩ ክለብ ከሆነ ዋጋ እያስወደደ ነው። የተጫዋቹ ወኪል ከሆነ ምናልባት የፈለገው ዝውውር ሳይሆን እዚያው ባለበት የደሞዝ ጭማሪ ነው። «ከ60 ሚሊዮን በላይ አንከፍልም» የሚለውም ገዢ፣ ሻጩ እንደሚያነበው አውቆ ነው የሚያስወራው። አንዱን ወሬ ሦስት ሰው በሦስት ምክንያት ሊነዛው ይችላል፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግን «ተሰማ» ብቻ ነው።

የግሶቹ ደረጃም ተደበላልቋል። «ይከታተለዋል» ምንም አያስከፍልም፤ ትልልቅ ክለቦች መልማዮቻቸውን በየስታዲየሙ አሰማርተው የማይከታተሉት ተጫዋች የለም ማለት ይቻላል። «ጠይቋል» ማለት ስልክ ተደውሎ ዋጋው ስንት ነው ተባለ ማለት ነው። «አቅርቧል» ከተባለ በጽሑፍ የሄደ ገንዘብ ሊኖር ይገባል። «ተስማምቷል» ላይ ስንደርስ ደግሞ ማን ከማን ጋር ብዬ እጠይቃለሁ፤ ስምምነቱ ሁለት ነውና፤ ክለብ ከክለብ፣ ክለብ ከተጫዋች። በ2023 ክረምት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሊቨርፑል ለሞይሰስ ካይሴዶ ከብራይተን ጋር በ111 ሚሊዮን ፓውንድ ተስማማ፤ የያኔው አሠልጣኙ የርገን ክሎፕም ከክለቡ ጋር መግባባታቸውን ራሱ በጋዜጣዊ መግለጫ አረጋገጠ። ልጁ ግን ቼልሲን እፈልጋለሁ አለና በ100 ሚሊዮን ፓውንድና በ15 ሚሊዮን ተጨማሪ ክፍያ ወደ ለንደን ሄደ።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆነው ጓደኛዬ ፍሬንኪ ደ ዮንግን አስፈርሞ ጨርሶ ነበር። ማታ ማታ አሰላለፍ ሠርቶ በስልክ ይልክልኛል፤ አጥቂው ይቀያየራል፣ ግራ መስመሩ ይቀያየራል፣ አማካይ ላይ ሁሌም ደ ዮንግ። ክለቦቹ በዋጋው ተግባብተዋል ሲባል ሰነበተ። ተጫዋቹ ግን ከባርሴሎና መውጣት አልፈለገም፤ ክለቡ እንዲዘገይ ያደረገበት ደሞዝም ነበር። እንግዲህ «ተስማምተዋል» ያለው ዜና ውሸት አልነበረም፣ ግማሽ ነበር እንጂ። ጓደኛዬ ግን ግማሽ መሆኑን የነገረው አልነበረም፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበት ክረምቱ አለፈ።

ወሬ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት የት ድረስ እንደሚሄድ ደግሞ ከማሳል ቡግዱቭ በላይ ምስክር የለም። በ2009 የእንግሊዙ ዘ ታይምስ ተስፋ የተጣለባቸውን 50 ወጣት ተጫዋቾች ሲዘረዝር ይህን የ16 ዓመት የሞልዶቫ ልጅ 30ኛ ላይ አስቀመጠው። አርሰናል ይፈልገዋል ይባል ነበር (ሌላ ማን ይፈልገዋል!)። እንዲህ የሚባል ልጅ ግን አልተወለደም። በኢንተርኔት ላይ በቀልድ የተፈጠረ ስም ነበር፤ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲቀዳ ሥጋና ደም ለበሰ።

ከግሱ ቀጥሎ ቁጥሩ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔና ጓደኛዬ ስልክ እየዘጋን የተለያየነው ሁሉ በቁጥር ነውና።

«መቶ ሚሊዮን ለተከላካይ አማካይ? አብደሃል እንዴ?» አለኝ ዴክላን ራይስ ከዌስትሃም ወደ አርሰናል የመጣ ጊዜ። እኔም በምላሹ የእሱ ዩናይትድ የመስመር አጥቂውን አንቶኒን በስንት እንደገዛው አስታወስኩት፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ወደ ስድብ ስለሄደ አልጽፈውም። አሁን ሳስበው ግን ሁለታችንም የምንከራከረው ስለማናውቀው ነገር ነበር። በዚያ ክረምት አርሰናል ለዌስትሃም 75 ሚሊዮን ፓውንድና 15 ሚሊዮን ተጨማሪ አቅርቦ ተመለሰበት። ማንችስተር ሲቲ መጥቶ 80 ሚሊዮንና 10 ሚሊዮን ተጨማሪ አቀረበ፤ እሱም ተመለሰበት። እያንዳንዱ ለብቻው ሲደመር 90 ነው፤ በየዜናውም 90 ተብለው ወጡ። ለሻጩ ግን አንድ አይደሉም። 80ው በእጅ የሚገባ ነው። ተጨማሪው የሚከፈለው ገዢው ዋንጫ ሲያነሳ፣ ተጫዋቹ ይህን ያህል ጨዋታ ሲሰለፍ፣ ወይም በውሉ የተጻፈው ሌላ ነገር ሲሆን ነው፤ ካልሆነ የለም። ዩናይትድ በ2015 አንቶኒ ማርሲያልን ከሞናኮ ሲገዛ ከተጨማሪ ክፍያዎቹ አንዱ ልጁ በባሎን ዶር (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) እጩዎች ዝርዝር ሲገባ የሚከፈል እንደነበር ተዘግቧል። ሞናኮ ያን ቀን ሲጠብቅ ውሉ አለቀ። ጓደኛዬ ግን እስከ ዛሬ ማርሲያልን የሚቆጥረው ከነሙሉ ድምሩ ነው፤ ለእሱ ይህ ቂም ነው።

ራይስ በመጨረሻ በ100 ሚሊዮንና በ5 ሚሊዮን ተጨማሪ መጣ። ቁጥሩ ከተቆረጠ በኋላም ድርድሩ አላበቃም፤ ገንዘቡ በስንት ጊዜ ተከፍሎ ይለቅ የሚል ክርክር ቀረ። ሻጩ ቶሎ ይሻል፣ ምክንያቱም በዚያው መስኮት ምትክ መግዛት አለበት። ገዢው ማራዘም ይሻል። እኛ ደጋፊዎች ያን ሰሞን «ምን ያዘገየዋል? ክለቡ ገንዘብ መክፈል ሰለቸው» እያልን የራሳችንን ኃላፊዎች ስንረግም ነበር። አንዱ ጋዜጣ እንኳ ክርክሩ በጊዜው ላይ እንጂ በድምሩ ላይ አይደለም ብሎ በርዕሱ ቢያወጣው ስንት እርግማን ይቀር ነበር።

ሚካይሎ ሙድሪክን ሳነሳ እስካሁን ድምፄ ይቀየራል። በ2023 የጥር መስኮት ልጁ የአርሰናልን ጨዋታ ሲያይ ምስል ይለጥፍ ነበር፤ እኔም ቀይ መለያ ያለበሱትን የሐሰት ፎቶ ስልኬ ላይ አድርጌ ነበር። ቼልሲ መጣና በ70 ሚሊዮን ዩሮና በ30 ሚሊዮን ተጨማሪ ወሰደው። አርሰናልም ከዚያ ብዙ ያልራቀ ድምር ማቅረቡ ተዘግቦ ስለነበር፣ በጥቂት ሚሊዮን ስስት አመለጠን ብለን ጮህን። ልዩነቱ ግን ድምሩ ላይ ብቻ አልነበረም። ቼልሲ የሰጠው የስምንት ዓመት ተኩል ውል ነው። ክለቦች የዝውውር ወጪን በመዝገብ የሚያሰፍሩት በውሉ ዓመታት አካፍለው ስለሆነ፣ 70 ሚሊዮኑ በስምንት ዓመት ተኩል ሲካፈል በዓመት 8.2 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል፤ በአምስት ዓመት ቢሆን 14 ነበር። አንዱ ክለብ ውድ የሚለውን ሌላው ርካሽ አድርጎ ሊጽፈው ቻለ ማለት ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል ዩኤፋ በዚያው ዓመት ማካፈያውን በአምስት ዓመት ገደበው፤ ፕሪሚየር ሊጉም በታኅሣሥ ተከተለ። አርሰናል ከሙድሪክ በኋላ በቀናት ውስጥ ሊያንድሮ ትሮሳርድን ከብራይተን አመጣ፤ ያን ቀን ማንም ፎቶውን ስልኩ ላይ አላደረገም። እኔም አላደረግኩም።

ድርድር ውስጥ ትልቁ ጉልበት ደግሞ የውሉ ቀሪ ዘመን ነው፤ እሱንም እንኳ በቅጡ አትነግሩንም። በ2020 ዶርትሙንድ ለጄደን ሳንቾ 120 ሚሊዮን ዩሮ ጠይቆ ኦገስት 10ን የመጨረሻ ቀን አደረገ። ጓደኛዬ «ውሉ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ ለምነው ይሰጡናል» ይል ነበር፤ እኔም በዚህ ብቻ ተስማምቼለት ነበር። ቀኑ ደርሶ ሲያልፍ የዶርትሙንዱ ስፖርት ዳይሬክተር ሚካኤል ዞርክ ወጥቶ የልጁ ውል ባለፈው ዓመት ደሞዙ ሲስተካከል እስከ 2023 መራዘሙን ተናገረ። ክረምቱን ሙሉ የተከራከርንበት ቁጥር ስህተት ነበር። በዓመቱ ዩናይትድ በ85 ሚሊዮን ዩሮ ገዛው፤ መጠበቁ 35 ሚሊዮን አተረፈለት። ጓደኛዬ ይህን እንደ ድል ሲያወራ ምን ያህል እንደቆየ አልነግርዎትም፤ ልጁ ሜዳ ላይ እንደታሰበው እንዳልሆነለት ያውቁታል።

ውል ማፍረሻ የሚባለውስ፣ ይህን ያህል የከፈለ ክለብ ተጫዋቹን ይወስዳል የሚለው አንቀጽ? በ2013 አርሰናል ለሊቨርፑሉ አጥቂ ሊዊስ ሱዋሬዝ 40 ሚሊዮን ፓውንድ ከአንድ ፓውንድ አቀረበ። ያቺ አንዷ ፓውንድ እስከ ዛሬ መሳቂያ ናት። የሊቨርፑሉ ባለቤት ጆን ሄንሪ እነዚያ ኤመሬትስ (የአርሰናል ስታዲየም) ያሉት ሰዎች ምን እያጨሱ ይሆን የሚል መልእክት በትዊተር ጻፈ፤ ዓለም ሁሉ አብሮ ሳቀብን። በዓመቱ ራሱ ሄንሪ በአንድ ጉባኤ ላይ እንዲህ ያለ የ40 ሚሊዮን አንቀጽ በውሉ ውስጥ እንደነበረና ላለመሸጥ እንደወሰኑ ተናገረ። የመጀመሪያው ዜና በየገጹ በትልቁ ወጣ፤ ሁለተኛውን ያነበበ ስንት ሰው እንደሆነ ጓደኛዬን ጠይቄው ነበር፤ ፈጠራህ ነው አለኝ።

ከገንዘቡ ላይ ለሌላ የሚሄደውንም ብትጨምሩልን ጥሩ ነው። በፊፋ ደንብ ከዝውውር ሂሳቡ 5 በመቶው ተጫዋቹን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከዚያ በላይ የቀድሞ ክለብ ድርሻ ሊኖር ይችላል፤ ቤንፊካ ኤንዞ ፈርናንዴዝን በ121 ሚሊዮን ዩሮ ለቼልሲ ሲሸጥ ሩቡ የሪቨር ፕሌት ነበር። እንዲህ ያለ ሻጭ ለምን ሳንቲም አልቀንስም እንደሚል ያኔ ይገባናል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በ2025 ክረምት ኤቤሬቺ ኤዜ ቶተንሃም በሩ ላይ ደርሶ ሳለ ክለቤ ጣልቃ ገብቶ ሲወስደው፣ ሙድሪክን ሲወስዱብን «ዝርፊያ» ያልኩትን ያንኑ ሥራ «ብልህነት» ብዬ ለጓደኛዬ ጻፍኩለት። እሱም የድሮ መልእክቴን ፈልጎ አያይዞ መለሰልኝ። ምንም አልመለስኩም።

ስለዚህ የምጠይቅዎት ይህን ነው። ድምሩን ስትጽፉ ስንቱ እጅ በእጅ፣ ስንቱ በቅድመ ሁኔታ እንደሆነ ለዩልን። ውሉ መቼ እንደሚያበቃ ጨምሩ። የወሬውን ምንጭ በስም ባትጠሩት እንኳ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ንገሩን። ያልተሳካውንም መስኮቱ ሲዘጋ ተመልሳችሁ አልተሳካም በሉን፤ ማንም አይስቅባችሁም፣ እኛ ራሳችን ያን ስንል አድገናል።

እኔና ጓደኛዬ ለሚቀጥለው መስኮት አንድ ደብተር አዘጋጅተናል። በግራ በኩል ቀኑንና ግሱን፣ በቀኝ በኩል የሆነውን እንጽፋለን። ለመለማመድ ብለን ካለፈው መስኮት የእናንተን ገጽ ወደ ኋላ እያገላበጥን ግራውን ሞልተናል፤ «ተቃርቧል» ብቻውን አንድ ሙሉ ገጽ ወስዷል። ቀኙን እሱ በቀይ ብዕር ልሙላው ብሎ ይዞት ሄዷል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድፈኞቹ ደጋፊ