ለአባዬ፣ ስለ ሰኔው ቀጠሮ

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 21

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

በስልክ እንዳልነግርህ አንተ ስልክ ላይ ሰው አታስወራም። «ደህና ነኝ፣ ሒሳብሽ እንዳይቆጥር» ብለህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ እንደ ድሮው ጻፍኩልህ። ማሚቱ ጮክ ብላ ታንብብልህ።

ሚጣ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ወርውሪው ብላት «ኮንዶሚኒየም ምን ጣሪያ አለው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የአባባ ቆርቆሮ ላይ ነው የምወረውረው ብላ በመሐረብ ቋጥራ አስቀምጣዋለች። ፊደል ለይታለች። «ጸ» እና «ፀ» ለምን ሁለት እንደሆኑ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ ላንተ አስቀምጬልሃለሁ።

ቆርቆሮ ካልን አይቀር፣ ዝናቡ ሳይገባ የእማዬ ክፍል ጣሪያ ይታይ። አምና ባልዲ የደቀንበት ቦታ ዘንድሮ ባልዲ አይበቃውም። አሸንዳውም ተነቅሏል። ሰው ቅጠርበት። ራስህ መሰላል ላይ እንዳትወጣ! በአንድ ዓይን መሰላል አይወጣም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። እታለም አፏ አያርፍምና ግማሹን ነግራሃለች አሉ። «ባንክ ልትገባ ነው» ስትልህ «ይህን ሁሉ ተምራ ብር ልትቆጥር?» አልክ አሉ። ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ባንኩ ደብተር የሚከፈትበት አይደለም፣ አባዬ። የዓለም ባንክ ነው፤ ዋሽንግተን። የሚያበድረው ለመንግሥታት ነው። በፈረንጆቹ 1944 ሲታሰብ ዋናው ጉዳይ በጦርነት የፈረሰችውን አውሮፓ መልሶ መገንባት ነበር። ከአፍሪካ አገሮች መጀመሪያ ያበደረው ለማን መሰለህ? ለእኛ። በፈረንጆቹ 1950፣ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር። በዓመቱ አውራ ጎዳና ተቋቋመ። ያንተው አውራ ጎዳና! አንተ ያኔ ገና አልተወለድክም። ግን ሠላሳ ዓመት ግሬደር ላይ የተቀመጥከው በዚያ ቤት ስም ነው። ማመልከቻዬ ላይ ጻፍኩት፤ አባቴ የመንገድ አቧራ በልቶ ነው ያሳደገኝ ብዬ። በእንግሊዝኛ ሲሆን እንዲህ አያምርም።

እዚያም የምሠራው የመንገድ ጉዳይ ነው። መንገድ ሲገባ ገበሬው ጤፉን በስንት ይሸጣል፣ ነጋዴውስ ስንት ያተርፋል፣ የሚለውን ነው የማጠናው። ደንቢያ ወስደኸኝ ጭቃው መኪናውን የያዘብን ቀን ትዝ ይልሃል? ሰውየው ማዳበሪያ ሙሉ ጤፍ ትከሻው ላይ እንዳለ ቆሞ ያየን ነበር። ጥናቴ የጀመረው ያን ቀን ነው፤ ይህን ግን ለአማካሪዬም አልነገርኩም።

ማን ይከፍላል ትላለህ። እነሱ ናቸው፤ በሠራሁት ሰዓት ልክ። ቤት ኪራይ ግን በራሴ ነው፤ ከአንዲት ልጅ ጋር እጋራለሁ። ሚጣን አባቷ ይይዛታል። አድራሻም ትላለህ፤ ኤች ጎዳና፣ ቁጥር 1818።

አሁን የምለውን ማሚቱ ሁለቴ ታንብብልህ። የምሄደው ለልምምድ ነው፤ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ሰው በዚህ አይወስዱም። እኔን የተቀበሉኝ ገና ትምህርት ላይ ያለሁ፣ ልምምዱን ጨርሼ ወደ ትምህርቴ የምመለስ ተማሪ ስለሆንኩ ነው። መመለስ አለብኝ ማለት ነው። መተማን ተሻግሮ እንደቀረው አይደለሁም። ስሙን እንደማልጽፈው አውቀህ ይሆናል።

እነሱ የበጋ ልምምድ ይሉታል። የእነሱ በጋ ደግሞ የእኛ ክረምት ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም።

ስለዚህ ሰኔ 12 የለሁም።

አጠገብህ እቀመጣለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። የዓይንህን ሞራ ሲያወጡልህ እጅህን እይዛለሁ ያልኩትም እኔ ነኝ። እታለም ትገኛለች። ሐኪሙን አናግሬዋለሁ፤ ዓይንህን ብቻ ያደነዝዙታል፣ ሰዓት እንኳ አይፈጅም አለኝ። በማግስቱ ፋሻው ይፈታል። ከዚያ በፊት ግን ስኳርህ መውረድ አለበት። ሻዩን እንደምታጣፍጠው ሰምቻለሁ።

ማሚቱ፣ እዚህ ላይ አቁሚ የኔ ቆንጆ። ደብዳቤውን ለአያትሽ ስጪውና ቡና አቀራርቢ።

አባዬ፣ ከዚህ በታች በማርከር በትልቁ የጻፍኩት ለአንተ ብቻ ነው። አጉሊ መነጽርህን አምጣው። አትቸኩል።

ለጥምቀት ሳልመጣ ስቀር ፈተና አለብኝ ብዬህ ነበር። ፈተና አልነበረም። ማመልከቻ የሚቀበሉት በዚያው ሰሞን ነበርና ቅጹን ስሞላ ነው የሰነበትኩት። አንተ ፋሲል መዋኛ አጥር ሥር ቆመህ ጸበሉን ስትጠባበቅ እኔ ኮምፒውተር ላይ ነበርኩ። ልነግርህ እችል ነበር። ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ ታውቃለህ።

የእማዬ አርባ በወጣ ማግስት ልብስ ስናጥብ ያንተን ካኪ ኮትም አነሳሁት። ኪስ ሳልፈትሽ አላጥብም፤ እማዬ ናት ያስለመደችኝ። በውስጥ ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ጥግ ላይ የግራሶ አውራ ጣት ታትሞበታል። ስሜ በታይፕ ተጽፏል። የህንዱ የትምህርት ዕድል ነበር። መልስ የሚሰጥበት ቀን ካለፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ያን ጊዜ ያንተን መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ቁጥር የሰጠሁት ሌላ ስላልነበረን ነው። በየቀኑ «ዛሬም የለም?» እልህ ነበር። «የለም» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ከፒያሳ ብርቱካን ገዝተህ መጣህ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። አሁንም ብርቱካን ስልጥ ትዝ ይለኛል።

እማዬ መታመም የጀመረችበት ዓመት ነበር። ይህን አልረሳሁም። እኔ ብሄድ ማን ሊያስታምማት ነበር? አስቤዋለሁ፤ ስንት ሌሊት። ግን ብትነግረኝስ ኖሮ? ምናልባት ራሴ «አልሄድም» እል ነበር። ያን «አልሄድም» የምትል አንዲት ቃል እኔ ልበላት ይገባኝ ነበር። እሷን ነው የወሰድክብኝ።

እማዬ ታውቅ ነበር? እሱን ብቻ ንገረኝ። አታውቅም ብትለኝ አምንሃለሁ።

ፈቃድህን ልጠይቅ አይደለም የጻፍኩት። ትኬቱ ተቆርጧል፤ ግንቦት 18 ሌሊት ነው። ላለፉት ሁለት ሳምንታት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የምታየው ፊት የእኔ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ይኸው ነው።

በፊት ግን እመጣለሁ። ሚጣን ይዤ ግንቦት 6 በጠዋቱ አውሮፕላን። ሦስት ቀን አድራለሁ። አዘዞ ድረስ እንዳትመጣ፣ ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ። ሚጣ ጥርሷን ይዛ ነው የምትመጣው፤ ከዚያ በፊት ቆርቆሮውን እንዳታስነቅለው። ሽሮና በርበሬ አታስፈጭልኝ፣ ሻንጣዬ ሞልቷል። እሺ፣ ሽሮ ትንሽ።

ኮትህ አሁንም ከበሩ ጀርባ መሰቀሉን እታለም ነግራኛለች። ያኔ ሳላጥበው መልሼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱንም እንደነበረ አጥፌ ኪሱ ከትቼዋለሁ። አሁን ስመጣ አጥበዋለሁ። ኪሱ ውስጥ ያለውን ግን አንተው አውጣልኝ።

ልጅህ