ጥንብ አንሳ ጥጃ አያነሣም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጠፋው ግዙፍ ጥንብ አንሳ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወደነዋል። ሥዕሉ ግን ጥጃ በጥፍሩ አንጠልጥሎ ሲበር ያሳያል። የጥንብ አንሳ እግር ለመራመድና ለመርገጥ እንጂ ጨብጦ ለመብረር አይሆንም። እዚሁ ጅማ ቄራ አካባቢ የሚያንዣብቡትን ልብ ብሎ ማየት ይበቃል፤ ሥጋውን ረግጠው በመንቁራቸው ይቦጭቃሉ።

አጥኚዎችም የሚለዩት በዚሁ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የተገኘ አንድ ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ1905 ንስር ተብሎ ተመዘገበ። በ2022 የዚሁ ዝርያ የእግር አጥንት ሲመረመር፣ ጡንቻ የሚያያዝበት ቦታ የአዳኝ እግር ያህል የጎላ አልነበረም። ንስሩ ጥንብ አንሳ ሆኖ ተገኘ፤ ክሪፕቶጂፕስም ተባለ።

“ግዙፍ” ያላችሁትም ሁለት ወገን አቀላቅሏል። በማልታ ቅሪቱ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ1890 የተሰየመው ጂፕስ ሜሊቴንሲስ እውነተኛ ጥንብ አንሳ ነው፤ ዛሬ በአውሮፓ ካለው ዘመዱ የሚበልጠው ግን በጥቂቱ ነው። 70 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፣ ክንፉም ሲዘረጋ 6 ሜትር ይደርስ ነበር ተብሎ የሚገመተው የአርጀንቲናው አርጀንታቪስ ቴራቶርን ከሚባል ሌላ ወገን ነው።

ተማሪዎች ጅማ ዙሪያ ቅሪተ አካል እንዲፈልጉ መምከራችሁ ደግሞ ልፋት ብቻ ነው። ቡና የሚወደው ቀይ አፈራችን አሲዳማ ነው፤ ከዝናቡ ጋር ሆኖ አጥንት ያሟሟል። የወፍ አጥንት ደግሞ ቀጭንና ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። የሚቆየው በኖራ ድንጋይ ዋሻ፣ በሐይቅ ደለል፣ ወይም እንደ ሎስ አንጀለሱ ላ ብሬያ ባለ የሬንጅ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ወደ ኦሞ ሸለቆ ወርዶ አጥንት ያየ ሰው አይጎትተው፤ በውሃም አይጠበው። እርጥብ ቅሪት ፀሐይ ላይ በፍጥነት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሙጫ ከተቀባ ደግሞ በኋላ ለመመርመር ያስቸግራል። ማስመሪያ ወይም እስክሪብቶ አጠገቡ አድርጎ ፎቶ ያንሣ፣ ቦታውን በስልኩ ይመዝግብ፣ አፈር መልሶ ያልብሰው። ከዚያ ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማሳወቅ ግዴታ ነው። አንሥቶ ቤቱ ከወሰደው ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ አይታወቅም፤ ያለዚያ ደግሞ ዕድሜውን መገመት እጅግ ያስቸግራል።

በሚቀጥለው ዕትም ቢያንስ ሥዕሉን አርሙልን።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከጅማ