ስለ ኮማንድ ላይን ስትጽፉ ኮከቧን አትርሷት

አዘጋጆች ሰላም ናችሁ? በቴክኖሎጂ አምዳችሁ ስለ ኮማንድ ላይን (በማውዝ ሳይሆን ትእዛዝ እየጻፉ ኮምፒውተሩን ማዘዝ) ስትጽፉ አንድ ነገር ብትጨምሩልኝ ብዬ ነው፣ ስለ ኮከቧ (*)፣ «ማንኛውም ስም» ማለት ናት። 400 ፎቶ አንድ በአንድ ራይት ክሊክ እያደረጉ ስም መቀየር እብደት ነው፣ እሱ ላይ እንስማማለን። ግን ዊንዶውስ የለመደ ሰው ሊኑክስ ላይ ሲመጣ ጉድ ይፈላበታል። ዊንዶውስ ላይ በስም መቀየሪያው ትእዛዝ ሬን ብላችሁ ኮከብ ነጥብ ጄፔግን ወደ ኮከብ ነጥብ ጄፒጂ (ren *.jpeg *.jpg) ካላችሁት ሁሉንም ይቀይርላችኋል፣ ሊኑክስ ላይ ግን ኮከቧን የሚፈታት ኤምቪ (mv፣ የሊኑክሱ ስም መቀየሪያ ትእዛዝ) ሳይሆን ሼሉ (የምንጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ነው፣ ኤምቪ ጋ የምትደርሰው በፋይሎቹ ስም ተተክታ ነው።

እኔ አንዴ መድረሻውን ሳልጽፍ ኤምቪ ኮከብ ብዬ ኢንተር መታሁት፣ ፎልደሩ ውስጥ የነበሩት ደግሞ ሁለት ፋይሎች ብቻ፣ በቃ የመጀመሪያው የሁለተኛውን ስም ወስዶ እላዩ ላይ ገባበትና ሁለተኛው ጠፋ። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ እንኳን አልጠየቀኝም፣ ሪሳይክል ቢን የለ ምን የለ።

አሁን መጀመሪያ በሲፒ (cp፣ ኮፒ ማድረጊያው ትእዛዝ) ሌላ ፎልደር ላይ ኮፒ አድርጌ ነው የምሞክረው፣ ከዛ ፎር ሉፕ (አንዱን ትእዛዝ በየፋይሉ ላይ የሚደጋግም) ስጽፍ ከኤምቪው ፊት ኤኮ (echo፣ የተሰጠውን ጽፎ ብቻ የሚያሳይ ትእዛዝ) አስገባለሁ፣ ምን ሊሰራ እንደሆነ ብቻ ጽፎ ያሳየኛል፣ ደህና ከሆነ ኤኮዋን አጠፋታለሁ። ስሙ ውስጥ ስፔስ ካለ ትእምርተ ጥቅስ ግድ ነው፣ አለዚያ አንዱን ስም ለሁለት ቆርጦ ያነበዋል። ቁጥር ስትሰጡም ከ001 ጀምሩ፣ ከ1 ከጀመራችሁ 10 ከ2 በፊት ይሰለፍባችኋል (ይሄ ስንቴ እንዳናደደኝ!)።

አንባቢያችሁ