ዋቱን ብቻ አትዩ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለቤት ውስጥ ተክል «ዋቱ ከፍ ያለ መብራት ግዙ» የሚለው ምክራችሁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ዋት መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ ቅጠል ላይ የሚያርፈውን ብርሃን አይነግርም። ከትንሽ አምፖል ያለው ርቀት ከ30 ወደ 60 ሳንቲሜትር ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፤ የሰፊ ፓኔል (ጠፍጣፋ መብራት) ብርሃን ግን በቅርብ ርቀት እንዲህ ቶሎ አይደክምም።

እኔ ለቲማቲም ችግኞቼ መብራቱን ዝቅ አድርጌ ኃይሉን እቀንሳለሁ። ከፍ አድርጎ ሰቅሎ በሙሉ ኃይል ግድግዳ ማብራት ምን ይረባል? እርግጥ በጣም ከወረደ መሃል ያሉት ይጠግባሉ፣ ዳር ያሉት ይራባሉ፤ ስለዚህ ትሪውን አዞራለሁ (ባለቤቴ ይስቅብኛል)። ግንዱ ከሰለለ ብርሃን አንሶታል፤ የላይኛው ቅጠል ከነጣ በዝቶበት ይሆናል።

በሚቀጥለው እትም ከዋቱ ጎን ርቀቱንም ጻፉልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ